የጣሪያው መስኮት

ስቶክሆልም፣ ሪንከቢ
ኦክቶበር 29 ቀን 2006

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ነሲባ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ጾሙን በጤና ፈጽመው ዒዱን ከጎረቤት ጋር በደስታ እንዳሳለፉ ተስፋ አደርጋለሁ። አላህ ጉልበትዎን ያበርታልኝ፣ እናቴን ነሥቶ እርስዎን እንደሰጠኝ ዕድሜዎን ያቆይልኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ኑራ ሥራዋ ላይ ናት። ሸይማ ስድስተኛ ክፍል ገብታለች፤ አማርኛውን ትሰማለች፣ መልሱን ግን በስዊድንኛ ነው የምትሰጠኝ። ልጅዎ ታሪቅም ደህና ነው። አሁንም ቬሊንግቢ ነው የሚኖረው፤ እሑድ እሑድ እየመጣ አብረን እንበላለን።

ስለ መኪናው በዝርዝር ጻፍልኝ ብለውኝ ነበር። እዚህ ሁስቢል ይሉታል። መኪናም ነው፣ ቤትም ነው፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና መታጠቢያ አለው። ባለፈው ኤፕሪል መጨረሻ አዲሱን ነው የገዛሁት። ምክንያቱን ያውቁታል። «ብመጣም ሆቴል አላድርም፣ በማላውቀው ሰው ድስት የተሠራ አልበላም» ስላሉኝ፣ በሚመጣው ሐምሌ በራስዎ ድስትና በራስዎ መስገጃ ፀሐይ እስከማትጠልቅበት እስከ ሰሜኑ ድረስ ላዞርዎት አስቤ ነው።

መኪናው ግን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ዕረፍት ነሥቶኛል። በሩ ይቆለፍና ከውስጥ አልከፈት ይላል። ፍሪጁ መኪናው ሲሄድ ይጠፋል። ማሞቂያው ሲያሻው ይነሣል፣ ሲያሻው ያኮርፋል። የአንድ ዓመት ዋስትና ስላለው ወደ ሻጩ ጋራዥ ወሰድኩት። ሳምንታት አቆይተው «ተሠርቷል» ብለው መለሱልኝ፤ በሩ እንደነበረው ነው። ደግሜ ወሰድኩት። በመስከረም ሲመለስልኝ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ፦ ከዝናብ በኋላ ገብቼ ሳየው ፍራሹ ርሷል። ውኃው ከየት እንደሚገባ አላወቅኩም።

በመስከረም መኪናው በተመለሰበት ዕለት እኔ በምሠራበት የአረጋውያን ቤት ተረኛ ስለነበርኩ መኪናውን ከጋራዡ ያመጣልኝ ታሪቅ ነው። ሁለተኛው ቁልፍ እሱ ጋ ነው ያለው። ሲያስረክቡት ምንም አልነበረውም ይላል። እኔ ግን ጋራዡን ጠርጥሬያለሁ። ሲሠሩ አንድ ነገር ሰብረው ደብቀውኛል። ኃላፊው ሮገር ይባላል። ሲያናግረኝ ዓይኑ ከኮምፒዩተሩ አይነቀልም። ስሜን ሲሰማ ነው እንዲህ የሚሆነው ወይስ ለሁሉም እንዲሁ ነው፣ ማወቅ አልቻልኩም።

የደም ግፊት መለኪያውን በሚመጣ ሰው እልካለሁ።

ልጅዎ ዘይኑዲን


ደሴ
ኅዳር 19 ቀን 1999

ለልጄ ለዘይኑዲን፣

ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ብርዱ ከገባበት ቤቴ ሰላም ብዬሃለሁ። አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፣ ቤትህን አይፍታው፣ ሸይማን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ።

ደብዳቤህን ለጎረቤት አነበብኩላቸው። ጥፋቴ እሱ ነው። አሰጋሽ ምን አለች መሰለህ፦ «ቤት ያለው ሰው ቤት የሆነ መኪና ለምን ይገዛል? ሚስቱ አባራው እንዳይሆን።» አፏን አስያዝኳት። ቢሆንም ነገሯ ሆዴ ውስጥ ቀርቷል፤ ከኑራ ጋር ደህና ከሆናችሁ በሚቀጥለው በእጇ ሁለት መስመር ታስፍርልኝ። ፀሐይ የማትጠልቅበት አገር ያልከውንም አልወደድኩትም። ፀሐይ ካልጠለቀች መግሪብን መቼ ልሰግድ ነው?

ስለ መኪናው የታየኝን ልንገርህ። አዲስ ዕቃ ገና ሳይነካ አይበላሽም። ከተበላሸ አዲስ ነው ብለው የሸጡልህ የሌላ ሰው ትራፊ ነው። ቢሆንም በሰው አገር ነህና ሰውን በጥርጣሬ አትክሰስ። የጣሪያው መስኮት ትንሽ ውኃ ቢያስገባ ዓለም አይጠፋም። ጨርቅ ወትፍበትና ዐረፋ እስኪያልፍ ታገስ። በበዓል ዋዜማ ክስ ደስ አይልም።

ለታሪቅ ዱዓ አድርግለት። በዚህ ወር አውቶቡስ መንዳት ጀምሯል። ለሙከራ ነው አለኝ፤ እስከ ግንቦት ያዩትና ከወደዱት ቋሚ ያደርጉታል። አንተ ታላቁ ነህ፣ ጀርባህን አትስጠው።

የደም ግፊት መለኪያው ከመጣ ከእሱ ጋር ለእግሬ የሚሞቅ ካልሲ ጨምርልኝ።

እናትህ ነሲባ


ስቶክሆልም፣ ሪንከቢ
ጃንዋሪ 21 ቀን 2007

ለተከበሩ አክስቴ፣

የአላህ ሰላምና በረከት በቤትዎ ይሁን። ዐረፋን እዚህ በሰላም አሳልፈናል። ኑራ ከታች በእጇ ጽፋልዎታለች፤ ለወይዘሮ አሰጋሽም ያንብቡላቸው። መለኪያውና ካልሲው ተገዝተዋል፤ ሰው ነው የጠፋው።

እንዳሉኝ በዓሉ እስኪያልፍ ጠበቅኩ። ከዚያ መኪናውን ለምርመራ አስገባሁት። ሮገር ከጥቂት ቀን በኋላ ጠርቶ ያለኝ ይህን ነው፦

«የጣሪያው መስኮት ጠርዙ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ በሲልኮን ማጣበቂያ ተለጥፏል። ሲልኮኑ የእኛ አይደለም።»

«እኔም ጣሪያው ላይ ወጥቼ አላውቅም» አልኩት።

«እንግዲያው ሌላ እጅ ገብቶበታል። ሌላ እጅ የገባበትን መኪና ዋስትናው አይሸፍንም።»

«በሩስ? ማሞቂያውስ? እነሱ ከመስኮቱ ጋር ምን አገናኛቸው?»

«መኪናው አንድ ነው» አለኝ፣ ኮምፒዩተሩን እያየ።

ይኸው ነው። ራሳቸው ሰብረው፣ ራሳቸው ለጥፈው፣ በዚያው ሰበብ ሁሉንም ከለከሉኝ። ዋስትናው በኤፕሪል መጨረሻ፣ በእናንተ በሚያዝያ ሦስተኛው ሳምንት ግድም ያልቃል። ከዚያ ወዲያ የሚመጣ ቅሬታ አንቀበልም ብሏል። እዚህ የሸማቾችን ቅሬታ የሚሰማ የመንግሥት ቦርድ አለ፤ ባለሙያ ልኮ ያስመረምራል። ለእነሱ ልጽፍ ነው።

ለታሪቅ ሳዋየው ሳቀብኝ። «ከሮገር ጋር ተሟግተህ ልታሸንፍ? ሽጠውና ድንኳን ግዛ» አለኝ። ቀልዱን አውቀዋለሁ፤ የዛሬው ግን ቶሎ አለቀበት፤ ሳህኑንም ሳይጨርስ ሄደ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎትና ቅር አይበልዎት። በጥቅምቱ ደብዳቤዬ ፍራሹ ርሷል ብዬ ነው የጻፍኩት። የጣሪያውን መስኮት እኔ ራሴ ያወቅኩት በዚህ ወር ነው። እርስዎ በኅዳር እንዴት ጻፉት?

ልጅዎ ዘይኑዲን


ደሴ
የካቲት 20 ቀን 1999

ለልጄ ለዘይኑዲን፣

ሰላም ላንተ ይሁን፣ ለኑራም፣ ለሸይማም። እጇን አየሁት፤ ጽሕፈቷ ያምራል። መልሴ የዘገየው ጉንፋን ይዞኝ ነው።

ስለ መስኮቱ መጠየቅህ አስገረመኝ። ውኃ ከላይ ካልመጣ ከየት ይመጣል? ቤት ሲያፈስ ያየ ሰው ጣሪያውን ይጠረጥራል። እንደ ፖሊስ አትጠይቀኝ።

ቦርድ ያልከውን ተወው። መንግሥት የገባበት ነገር ማንንም ሳያቆስል አይወጣም። አንተ የምታውቀው ወግ አለ፤ ሰው ከሰው ሲጋጭ ሽማግሌ ይላካል። ሐጂ ሸኪብ እዚያው ሪንከቢ እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ የአባታቸውን ቤት አውቃለሁ፣ ታላቅ ቤት ነው። እሳቸውን ለምንና ወደ ሻጩ ላክ። ፈረንጅም ቢሆን ሰው ነው፤ ሽበት ያከብራል። ነገሩም ረጋ ብሎ ይታይ፤ ግንቦት እስኪገባ ምንም ወረቀት አታስገባ። ዋስትናው ቢያልፍም ይለፍ፤ በሽምግልና የተያዘ ነገር ቀን አይቆጠርበትም።

መለኪያውንም ካልሲውንም አትላክልኝ። እግሬ ተሽሎታል።

ነሲባ


ስቶክሆልም፣ ሪንከቢ
ማርች 25 ቀን 2007

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤናዎን አላህ ይጠብቅልኝ። ሽማግሌ ላክ ያሉኝን ፈጸምኩ። የሆነውን እንደሆነው እጽፍልዎታለሁ።

ሐጂ ሸኪብን ለመንኳቸው፣ እሺ አሉ። አቶ ዕንባቆም የሚባሉ የክርስቲያን ሽማግሌም አብረዋቸው መጡ፤ ጡረተኛ ናቸው፣ ቀልዳቸው የተጋጨ ሰው ስለሚያበርድ ዕርቅ ያለበት ሁሉ ይጠራሉ። ሁለቱም በካፖርታቸው ላይ ጋቢ ደርበው ነበር። ሮገር ሲያያቸው ገዢ መሰሉት። ትልቁን ሁስቢል ከፍቶ ያስጎበኛቸው ጀመር። ሐጂ ሸኪብ አልጋው ላይ ቁጭ ብለው ፈተኑትና «ወገብ ያሳምማል» አሉ።

«ምን አሉ?» አለኝ ሮገር።

«ጥሩ ነው አሉ» አልኩት።

ቢሮው ከገባን በኋላ ሐጂ ሸኪብ ተነሥተው ዱዓ አደረጉ። አቶ ዕንባቆም አማተቡ። ሮገርም ግራ ገብቶት ተነሣ፤ እነሱን አይቶ መዳፉን ዘረጋ። ከዚያ ሐጂ እንዲህ አሉ፦ «በል ንገረው። እኛ ልንገዛ አይደለም የመጣነው። በሁለታችሁ መካከል የገባውን ልናወጣ ነው። የምንፈርደውን እንድትቀበሉ ሁለታችሁም ቃል ስጡን።»

ተረጎምኩለት። ሮገር ፊቱ ቀላ። «የምን ድርጅት ናቸው? ጠበቃው የትኛው ነው?» አለኝ። ድርጅት አይደሉም፣ ሽማግሌዎች ናቸው ብዬ ላስረዳው ብሞክር ጡረተኞች መሆናቸውን ብቻ ነው የተረዳው። ትንፋሹ መለስ አለለትና ለጡረተኞች በጋዝ ሲሊንደር ላይ ቅናሽ እንዳላቸው ነገረኝ። ይህን ለሽማግሌዎቹ ስተረጉም አቶ ዕንባቆም ሳቁ።

«አንተ ልጅ፣ ከሳሹም አስተርጓሚውም አንተ ሆነህ ይኼ ምን ዓይነት ዕርቅ ነው? ያላልነውን ስንቱን ብለንልሃል?»

ሐጂ ሸኪብ ግን አልሳቁም። «የተሰበረውን ያሳየን» አሉ። ሮገር ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩን ወደ እኛ አዞረው። በእነዚህ ሁሉ ወራት ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ነው። ፎቶግራፉ ላይ የመስኮቱ ጠርዝ ወደ ውስጥ ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁ ዙሪያ ቢጫ ቀለም ተፍቆ ቀርቷል።

«ይህ ቢጫ ምንድነው?» አሉ ሐጂ።

«እኛ ጋ ቢጫ ቀለም የለም» አለ ሮገር። «ጣሪያችንም ከፍ ያለ ነው። ዝቅ ያለ ቢሆን እነዚህን መኪኖች እንዴት እናስገባለን?»

ሐጂ ሸኪብ ፎቶግራፉን ብዙ አዩት። ከዚያ እጁን ጨብጠው አመሰገኑትና ይዘውኝ ወጡ። ባቡሩ ውስጥ «ሌላው ቁልፍ ማን ጋ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «ሻጩን በዚህ ነገር ተወው። ይህ የቤት ጉዳይ ነው» አሉ። ከዚያ ሁለቱም እስክንደርስ ድረስ ስለ አየሩ አወሩ።

በማግሥቱ ቬሊንግቢ ሄድኩ። ከታሪቅ ሕንጻ ሥር የምድር ቤት ፓርኪንግ አለ። መግቢያው ላይ ከፍ ያለ መኪና እንዳይገባ የሚከለክል ቢጫ ብረት ተንጠልጥሏል። አንዱ ጫፉ ተጣሟል፣ ነጭ ቀለምም ይዟል። የእኛ ሁስቢል ነጭ ነው። ከኋላዬ መኪና ጡሩንባ እስኪነፋብኝ ድረስ ቆሜ ነበር።

አክስቴ፣ ቤት ገብቼ ነገሩን አያያዝኩት። በመጀመሪያ ዐረፋ ይለፍ አሉኝ። ቀጥሎ ሽማግሌ አሉኝ፣ ከዚያ ግንቦት ይግባ አሉኝ። ምክንያቱ ይለዋወጣል፣ የሚያበቃው ግን አንድ ቦታ ነው። ግንቦት ዋስትናዬ ካለፈ በኋላ የሚገባ፣ የታሪቅ ሙከራ የሚያበቃበት ወር ነው።

ለቦርዱ ከጻፍኩ ባለሙያው የመስኮቱን ሰበብ መጠየቁ አይቀርም፤ እኔም የማውቀውን መጻፍ አለብኝ። እዚህ አገር ለመንግሥት የገባ ወረቀት ማንም ሰው ጠይቆ ያነበዋል፣ የአውቶቡሱ መሥሪያ ቤትም ጭምር። ካልጻፍኩ ደግሞ በሩም ማሞቂያውም ፍሪጁም እንደተበላሹ በእኔ ላይ ይቀራሉ፤ ከነሱ ጋር የሐምሌው ጉዞም ይቀራል።

ታሪቅን እስካሁን አልጠየቅኩትም። መጀመሪያ እርስዎን ልጠይቅ ብዬ ነው። ያውቁ ነበር? ካወቁስ ከመቼ ጀምሮ?

ዘይኑዲን


ደሴ
ሚያዝያ 8 ቀን 1999

ለዘይኑዲን፣

ምርቃቱን ዛሬ ከታች አደርገዋለሁ። መጀመሪያ መልሱን ስማ።

አዎ፣ አውቅ ነበር። ከሆነበት ዕለት ጀምሮ። መኪናውን ሲያመጣልህ ጃኬቱን ሊወስድ ወደ ቤቱ ጎራ ብሎ፣ የሚነዳውን መኪና ቁመት ረስቶ ፓርኪንጉ ገባ። አንድ ወዳጁ ለጠፈለት። ያኔውኑ ደውሎ ነገረኝ። ለዘይኑ ንገረው አልኩት፣ እሑድ እነግረዋለሁ አለ። እሑድ ሳይደርስ የአውቶቡሱ ሥራ መጣ። «ጣሪያ የመታ ሹፌር ማን ይቀጥራል?» አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ብቻ ብል ደግ ነበር፤ አንተን ደግሞ ጠብቅ እያልኩ አስቀመጥኩህ።

«ለምን እኔን?» እንዳልክ አውቃለሁ፤ ባትጽፈውም አነበብኩት። ከሁለታችሁ አንዱ መጎዳት ካለበት የትኛው ይችለኛል ብዬ ነው። ታሪቅን ባስቀይመው ይርቀኛል፤ ስልኩን ይዘጋል፣ ዓመት ይከርማል። አንተ አትርቅም። ብታዝንም ትጽፍልኛለህ። ያሰብኩት ይኸው ነው። ለእናት ቀላል ነበር፣ ለአንተ ደግ አልነበረም።

ከእንግዲህ ጠብቅ አልልህም። ስሙን መጻፍ ካለብህ ጻፈው። ይህንኑ ለእሱ ነግሬዋለሁ፤ ዘግቶብኛል። ሐምሌ እንድመጣ ግብዣ ከላክህልኝ እመጣለሁ። ካልላክህ ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ለሰው ጉልበቴ ነው ያስቀረኝ እላለሁ፣ አሰጋሽም ታምነኛለች።

አሁን ምርቃቱ። ያሳደገህ እጄ ያጎደለብህን አላህ ከሌላ በኩል ይሙላልህ። ጠላትህን ከውጭ ያድርገው።

ነሲባ


ስቶክሆልም፣ ሪንከቢ
ሜይ 20 ቀን 2007

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላም ለእርስዎ፣ ሰላም ለቤትዎ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዋስትናው ሊያልቅ በመጨረሻው ሳምንት ነው።

ወደ ቦርዱ አልሄድኩም። ብቻዬን ሮገር ጋ ሄድኩ። «ጣሪያው የእኛ ነው። የሰበርነው እኛ ነን፣ በራሳችን እናሠራዋለን። በሩ፣ ፍሪጁና ማሞቂያው ግን የእናንተ ናቸው» አልኩት።

«ማን ሰበረው?»

«ቤተሰብ።»

«ለምን እስከዛሬ ዝም አልክ?»

«እኔም ያወቅኩት በቅርቡ ነው።»

አላመነኝም። አልፈርድበትም፣ እኔም እሱን ዓመት ሙሉ አላመንኩትም። ወጥቶ ከሠራተኛው ጋር አወራ፣ ተመለሰ፣ ስለ ጣሪያው ጥያቄ እንደሌለኝ አስፈረመኝ። ከዚያ መኪናውን ተቀበለኝ። በሩን ሊሠራ የገባው ልጅ ቁልፉ ከፋብሪካው ተሳስቶ እንደተገጠመና በሌሎች መኪኖችም ላይ ይህንኑ ካለፈው ሐምሌ ጀምሮ እንዳዩ ሳያስበው ነገረኝ። ስለዚህ ጥርጣሬዬ ሁሉ ውሸት አልነበረም። አሁን ሦስቱም ይሠራሉ፣ ለጊዜው።

ታሪቅ ስንት እሑድ ቀርቶ ባለፈው መጣ። ሳይቀመጥ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«እማ ነገረችህ አይደል?»

«ከእሷ በፊት ፓርኪንጉ ነግሮኛል።»

«ጻፍከኝ?»

«አልጻፍኩህም።»

ሸይማ ከሳሎኑ ሆና በስዊድንኛ «ታሪቅ፣ የመኪናው ቁመት እኮ መሪው ፊት ለፊት ተጽፎ ተለጥፏል» አለችው። ኑራ ሳቋን መያዝ አቃታት። ታሪቅም ሊስቅ ሲል ፊቱ ተበላሸበትና መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ። በኋላ በላ። ጣሪያውን የሚያሠራው እሱ ነው፤ ከባለሙያ ጋር ቀጠሮ ይዟል፣ በደረሰኝ። ቁልፉን አልመለስኩለትም፣ እሱም አልጠየቀኝም።

ሥራው ቋሚ ሆኖለታል። እንኳን ደስ አለዎት። ይደውልልዎታል፤ እስካሁን ካልደወለ አፍሮ ነው እንጂ ርቆ አይደለም።

የግብዣው ወረቀት ከዚህ ጋር ታሽጓል። ኤምባሲው የሚጠይቅዎትን ኑራ ጽፋልዎታለች። መለኪያውንና ካልሲውን አክበረት የምትባል ወደ ደሴ የምትመጣ የሥራ ባልደረባዬ ይዛቸዋለች፤ አይመልሱብኝ። መግሪብን በተመለከተም ሐጂ ሸኪብን ጠይቄ ነበር፤ ለዚያ አገር መልስ አለው፣ ሲመጡ ይነግሩዎታል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እስከ ዘንድሮ ደብዳቤዎን ባቡር ውስጥ አንዴ አንብቤ ለኑራ እሰጣት ነበር። የሚያዝያውን ግን ቤት ይዤው ገብቼ፣ ከኅዳሩና ከየካቲቱ ጎን ዘርግቼ መስመር በመስመር አስተያየሁት። እውነቱን ነው የጻፉልኝ። የተደበቀ ምንም አላገኘሁበትም። ግን ፈልጌያለሁ።

ልጅዎ ዘይኑዲን